ሮሪሳ ከፊት የሄደበት ቀን

ሮሪሳ ፈየራ ወንድሙን ከአባታቸው መሬት ያስነቀለው በጠመንጃ አይደለም፤ በሐሰት ምስክርነትም አይደለም። በእግሩ ነው። አቃቂ ላይ ነገሩን የሚያነሱ ሰዎች ሁለት ወገን ናቸው፤ ግማሹ "ሸጦት ነው" ይላል፣ ግማሹ "ሞኝ ሆኖ ነው" ይላል። እውነቱ ከሁለተኞቹ ጋር ነው። ግን መሬቱን ላጣው ለቡልቻ ሞኝ ወንድምና ሌባ ወንድም ምን ለውጥ አላቸው? መሬቱ እንደሆነ ሄዷል።

ፈየራ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ ታላቁ ቡልቻ፣ ታናሹ ሮሪሳ። መሬቱ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ እስከ ወንዙ የተዘረጋ ጥሩ ጥቁር አፈር ነው። አባትየው ሲሞት ሞፈርና ቀንበሩ ለቡልቻ ሆነ። ሮሪሳም አልከፋውም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የበሬ ጭራ እያዩ መዋል አይሆንለትም ነበር። የሚሆንለት መሄድ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ምድር ባቡር ቀጠረውና ቀይ ባንዲራና መዶሻ ይዞ፣ የላላውን ብሎን እያጠበቀ፣ ሐዲዱን ከአቃቂ እስከ ዱከም በእግሩ እየተመላለሰ ስምንት ዓመት ኖረ። ቡልቻ ታዲያ "የኔ ወንድም ሥራው መሄድ፣ ትርፉ መመለስ" እያለ ጎረቤት ያስቅበት ነበር። ሮሪሳ አብሮ ይስቃል። ሌሊት ግን ለሚስቱ ለዲንቄ "ይህ ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ አንቱ የምባል ሰው መሆኔን አያይልኝም?" ይላታል።

ሙሴ ስታማቲ የሚሉት ግሪክ ከወንድማማቾቹ መሬት በላይ ያለውን ቀይ ዳገት ገዝቶ ወይን ሲተክል፣ ሮሪሳ ባቡሩን ትቶ ገባለት። በሥራ ቀን ወይን ይገርዛል፤ እሑድ እሑድ እንግዳ ይመራል። እንግዶቹ በጠዋቱ ባቡር ከለገሃር የሚመጡ ፈረንጆች ናቸው። ከወይኑ በር ተነስተው በሐረጎቹ መካከል ሽቅብ ይወጣሉ፣ የጥድና የወይራውን ደን ያቋርጣሉ፣ ከደኑ ጫፍ ያለችውን የዋሻ አቦን ቤተ ክርስቲያንና የጥንት መነኮሳቱን መቃብር ያያሉ፣ ከዚያ ቁልቁል ወርደው ወደ በሩ ይመለሱና ዳሱ ሥር ወይን ጠጅ ይጠጣሉ። መንደርተኛው መኪና ያለው ሰው ለምን በእግሩ እንደሚንከራተት ግራ ገብቶት፣ በመጨረሻ "ንስሐ አባታቸው አዘዋቸው ይሆናል" ብሎ ተወው።

ሮሪሳ ግን እነዚያን እሑዶች ይወዳቸው ነበር፤ እንዲያው ለመውደድም ልክ አለው። ከባቡር የተረፈውን ካኪ ኮት ይለብሳል፣ ዱላውን በቅቤ ያሻል። ቤት ውስጥ ንግግሩን ቡልቻ ሳያቋርጠው ጨርሶ አያውቅም፤ እዚህ ሃያ ሰው እሱ ሲቆም ይቆማል፣ እሱ ሲሄድ ይሄዳል። ዋሻው ውስጥ ያለውን ጉድጓድ እያሳየ "ይህ ባሕታዊው ሰባት ዓመት ተንበርክከው የጸለዩበት ነው" ይል ነበር። በሁለተኛው ዓመት አሥራ ሰባት አደረገው። በሦስተኛው ዓመት አርባ ሲያደርሰው የደብሩ ቄስ አባ ገብረጻድቅ ሰምተው "ሮሪሳ፣ እኒያ አባት መቼ ተነስተው እህል ቀመሱ?" አሉት።

በወንድማማቾቹ መካከል የነበረው ጭቅጭቅ አንድ ብቻ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ወይኑ በር የሚወስደው የእግር መንገድ የቡልቻን ጤፍ መሐል ለመሐል ይሰነጥቀዋል። በየእሑዱ ሃያ ጥንድ ጫማ ሲያልፍበት መንገዱ እየሰፋ፣ ጤፉ እየተኛ ሄደ።

"እነዚህ ሰዎች እግራቸው ዓይን የለውም እንዴ?" ይላል ቡልቻ።

"መንገዱ የአባታችን ነው፣ ጋሼ። እኔ አላወጣሁት።"

"ጤፉስ የማን ነው? ልጆቼ መንገድ ይብሉ?"

ዲንቄም ለባሏ አታዳላም ነበር። "ወንድምህ እውነቱን ነው" ትለዋለች። "ፈረንጅ ቢዞር ምን ይሆናል? ለመሄድ አይደል የመጣው?"

ከጤፉ የባሰ ጣጣ ግን ከላይ መጥቶ ነበር። የስታማቲ ወይን ውሃ ጠማው። ውሃው ያለው ወንዙ ጋ ነው፤ በወንዙና በወይኑ መካከል ያለው ደግሞ የቡልቻ መሬት ነው። ስታማቲ መሬት የገዛበት ወረቀት "እስከ ድንበሩ" ይላል፤ ድንበሩ የቱ ጋ እንደሆነ የጻፈ የለም። ቡልቻ በአባቱ ስም የግብር ደረሰኝ አለው፤ ደረሰኙም ልክ አይናገርም። ሁለት ዓመት ከተካሰሱ በኋላ ዳኛው "በአገሩ ልማድ ድንበሩ ይመራ" ብሎ አዘዘ።

የአገሩ ልማድ እንዲህ ነው። ከተከሳሹ ወገን አንድ ሰው ይመረጣል፤ ለራሱ ወገን እንጂ ለባላጋራው አያዳላምና የእሱ እግር ይታመናል። ሰውየው እርጥብ ሣር ጨብጦ፣ ካህን መስቀል ይዞ አጠገቡ እያለ፣ ሽማግሌዎች እየተከተሉት የከሳሹን መሬት ዙሪያ ይሄዳል። የረገጠው ድንበር ይሆናል። ሮሪሳ ይህን ልማድ አያውቅም እንዳይባል ያውቀዋል፤ ልጅ ሆኖ አባቱ ለሌላ ሰው ድንበር ሲመሩ ከኋላ ተከትሏል። ቡልቻ ደግሞ "የአባቴን መሬት ማንም በእግሩ አይለካውም" ብሎ ሰው አልመርጥም አለ። ነገሩም እዚያው ላይ ቆመ።

በስታማቲ ቤት ቀናው የሚባል ካቦ ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ፣ የአገሩን ወግ ከነስንጥቁ የሚያውቅ ሰው ነው። በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ሮሪሳን ወይን ሲገርዝ አገኘውና ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

"እሑድ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። እንደ አንተ ያለ መሪ በዚህ አገር የለም ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። አባ ገብረጻድቅም መስቀላቸውን ይዘው አብረው ይሄዳሉ፤ ለእንግዳ ያምራል።"

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች። ሮሪሳ ቅዳሜን ኮቱን ሲያጥብ ዋለ።

እሑድ ጠዋት በሩ ላይ ከፈረንጆቹ ሌላ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሁለት የገላን ሽማግሌዎች ቆመዋል። ሮሪሳ ቅር አለውና "እነሱስ?" ብሎ ጠየቀ።

"ምሳ የተጠሩ ናቸው" አለ ቀናው። "እኛም እንደ ፈረንጅ እንሂድ ቢሉ ክልክል ነው ልበላቸው?"

ሮሪሳ ሳቀ። ሽማግሌ ሲከተለውማ የበለጠ ደስ ይለዋል። ወይኑን አልፈው ደኑ አፍ ሲደርሱ ጎንበስ ብሎ እርጥብ ሣር ነጨ። ይህን ሁልጊዜ ያደርገዋል፤ ደኑ ውስጥ አያቶቹ ተቀብረዋል፣ እናቱም ባዕድ ሰው ይዘህ ስትገባ ሣር ያዝ፣ በሰላም የመጡ ናቸው ማለት ነው ብላ አስተምራዋለች። ስንት እሑድ ይዞት ገብቷል፤ አንድም ሰው ልብ ብሎት አያውቅም። ያን ቀን ግን ቀናው አየው። ሳይጠይቅ፣ ሳያዝዝ፣ የጎደለው ነገር ራሱ ተነጭቶ ሲመጣለት አየ።

ባሕታዊው ያን ቀን ሃምሳ ዓመት ጸለዩ። አባ ገብረጻድቅ እያዩት አንድ ቃል አልተናገሩም። ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ የወትሮው መንገድ ከፊታቸው ተዘረጋ፤ ግራና ቀኙ የቡልቻ ጤፍ ነው። አሽቶ፣ ከብዶት ጎንበስ ብሏል። ሮሪሳ ቆመ፣ ሃያውም ሰው ቆመ። ወንድሙ ትዝ አለው። "ዛሬስ አላስቀይመውም" ብሎ በልቡ፣ ወደ ግራ ታጠፈና እንግዶቹን በወንዙ ዳር ዳር ወሰዳቸው። ግማሽ ሰዓት የሚጨምር ዙሪያ ነው። በጤፉ ቢያልፍ ኖሮ ከመንገዱ በታች ያለው መሬት ለወንድሙ ይተርፍ ነበር። በመዞሩ ሁሉም፣ ጤፉም ምንጩም የቡልቻ ጎጆም፣ በክቡ ውስጥ ገባ። ወንዙ መታጠፊያ ላይ አንዲት ፈረንጅ ሮጥ ብላ ከፊት ቀደመቻቸውና ፎቶግራፍ አነሳች።

"ዛሬ ጋሼ ቡልቻን አስደሰትኩት" አላት ማታ ለዲንቄ፣ እግሩን እየታጠበ። "አንዲት የጤፍ አገዳ አልተረገጠችም።"

"ነግረኸዋል?"

"ነገ ራሱ ያየዋል።"

ቡልቻ ያየው ጥር ላይ ነው፣ ዳኛው ፊት። ቀናው ድንበሩ ተመርቷል ብሎ ያቀረበው ፎቶግራፍ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሮሪሳ ከፊት ሣር ጨብጦ፣ አባ ገብረጻድቅ ከጎኑ መስቀል ይዘው፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኋላ። ሮሪሳ በወንጌል ምሎ ቆመ።

"ከፊት የሄድከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"እርጥብ ሣር ጨብጠህ ነበር?"

"ጨብጬ ነበር፤ ግን እኮ ጌታዬ..."

"ያስገደደህ ሰው አለ?"

"የለም።"

"የወትሮው መንገድ በጤፉ መሐል ነው። ለምን በወንዙ ዞርክ?"

"ጤፉ እንዳይረገጥ ብዬ ነው" አለ ሮሪሳ፣ ወደ ወንድሙ እያየ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አባ ገብረጻድቅ ሲጠየቁ መስቀል መያዛቸውን መሰከሩ፤ እውነት ነው፣ ይዘዋል። ከዚያ ዓመት ወዲህ የዋሻ አቦ የቁርባን ዘቢብ ከስታማቲ ቤት በቅርጫት ይመጣል፤ እሳቸውም ዳግመኛ ስለዚያ እሑድ አንስተው አያውቁም።

ሮሪሳ የረገጠው ድንበር ይሁን ተብሎ ተፈረደ። ደጅ ላይ ሮሪሳ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ወደ ኋላ አፈገፈገና "በእግርህ አትንካኝ" አለው።

ሰኔ ላይ፣ የመጀመሪያው እርሻ ሳይጀመር፣ ጎጆውን አፈረሱት። ቡልቻ ሚስቱንና አራት ልጆቹን ይዞ ወደ ቃሊቲ ወጣና ከሐዲዱ አጥር ሥር በቆርቆሮ ተጠጋ። ድንጋይ ተሸከመ፣ አሸዋ አወጣ። በጤፉ ላይ ወይን ተተከለ። ሮሪሳ በየዓመቱ ሽማግሌ ይልካል፤ መልሱም በየዓመቱ አንድ ነው፦ "እግሩን ቆርጦ ይዞ ይምጣ፤ ያኔ እታረቀዋለሁ።"

ለምን ከስታማቲ ቤት አልወጣም የሚል ይኖራል። ሞክሯል። ምድር ባቡር ቦታህ ተይዟል አለው። መንደሩ ደቦ አይጠራው፣ መሬት አያካፍለው፣ እሳት አይጭርለት። ዲንቄ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ፤ እንስራዋን የሚያሸክማት ጠፍቶ ብቻዋን ስትታገል ያያሉ። የሚቀበለው ስታማቲ ብቻ ሆነ፤ ስለዚህ ሞኙ ሰው በየእሑዱ እዚያው ክብ ላይ ይዞር ጀመር፣ አሁን በወንድሙ መሬት ላይ በተተከለው ወይን መካከል። ባሕታዊውን ተዋቸው። ስንት ዓመት ጸለዩ ሲሉት "እንጃ" ይላል።

በአምስተኛው ዓመት የቡልቻ ታናሽ ልጅ በሳንባ ታመመችና ቡልቻ ቀናው ዘንድ ሥራ ሊለምን መጣ። ቀናው ክፉ ሰው አይመስልም፤ ቀጠረው። ወይኑ ሊደርስ ስለሆነ ወፍና ጦጣ የሚጠብቅ ይፈለግ ነበር። በገዛ መሬቱ ላይ፣ ጎጆው የነበረበት ቦታ፣ ማማ ሠርተው ወንጭፍ አስያዙት። ሮሪሳ በመጀመሪያው እሑድ እንግዶቹን ይዞ ሲያልፍ ቀና ብሎ አየው። ቡልቻ ጀርባውን ሰጠው። ያን ቀን ሮሪሳ እንግዶቹን ባቡር አሳፍሮ ሲመለስ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት ሐዲዱ ላይ ተቀመጠ።

"ድንጋይ ተሸከም" አለችው ዲንቄ። "በሽማግሌ አልሆነም። ራስህ ተሸክመህ ሂድና ውደቅለት። አንገትህ ላይ ድንጋይ አይቶ የማያወርድ ወንድም የለም።"

ሮሪሳ የመጋቢት አቦን መረጠ። መጋቢት አምስት ያን ዓመት ሰኞ ዋለ፤ ሰኞ እንግዳ አይመጣም፣ ወንድማማቾቹ ብቻቸውን ይሆናሉ። ቅዳሴ ሲያልቅ ከመቃብሩ አጠገብ አንድ ጥቁር ድንጋይ አነሳ፣ አንገቱ ላይ አደረገ፣ ጫማውን አውልቆ ቁልቁል ወረደ። ያላወቀው ነገር ቢኖር ቀናው በዓሉን ለፈረንጆች ነግሮ በጠዋቱ ባቡር እንዳስመጣቸው ነው። ቅጥሩ ውስጥ ቆመው ነበር። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ባዶ እግሩን ሲወርድ ሲያዩ የበዓሉ ሥርዓት መስሏቸው ተከተሉት።

ሮሪሳ ኮቴ ሰማ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ኮቴ ከኋላው ሲሰማ ኖሯልና ስንት እንደሆኑ ሳይዞር አወቀ፤ ከአሥራ አምስት አያንሱም። ዞሮ ተመለሱ እንዳይላቸው አንገቱ በድንጋዩ ተይዟል፤ ድንጋዩን እንዳያወርድ ደግሞ ማውረድ ያለበት እሱ አይደለም፣ የተበደለው ነው። "አቦዬ፣ ይመልሷቸው" እያለ ሄደ። አልተመለሱም። የፎቶግራፍ ማንሻው ጠቅ ጠቅ ይላል።

ማማው ሥር ደርሶ ተንበረከከ። "ጋሼ ቡልቻ፣ በአቦ ይዤዎታለሁ። አላወቅኩም ነበር። ይማሩኝ።"

ቡልቻ ከማማው ወረደ። ከወንድሙ ፊት ቆሞ ድንጋዩን አየ፤ እጁም ትንሽ ተነስታ ነበር። ከዚያ ዓይኑ ከሮሪሳ አልፎ ሄደ፤ መስመሩን አየ፣ ከኋላ የተሰለፉትን ፈረንጆች፣ ዳር ላይ የቆመውን ቀናውን።

"ዛሬ ደግሞ ምኔን ልታስወስድ ይዘሃቸው መጣህ?"

"እኔ አላመጣኋቸውም፣ ጋሼ!"

"ከፊት የሄደው ማነው?"

ቡልቻ ተመልሶ ማማው ላይ ወጣ። ወፍ ወይኑ ላይ አርፋ ነበርና ወንጭፉን አሽከርክሮ ወረወረ። ሮሪሳ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እዚያው ተንበርክኮ ቆየ። በመጨረሻ ድንጋዩን ያወረደችለት ዲንቄ ናት፤ እሷ ብታወርደው ደግሞ እርቅ አይሆንም።

በሳምንቱ እሑድ በሩ ላይ ሲደርስ ያ ጥቁር ድንጋይ ከማማው ሥር መጥቶ የበሩን ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል።

"እንግዶቹ በጣም ወደውታል" አለ ቀናው። "ለጓደኞቻቸው ነግረው ዛሬ ሠላሳ ሆነው መጥተዋል። ተሸከምና ምራ።"

"ይሄ የእርቅ ድንጋይ ነው፣ አቶ ቀናው። መጫወቻ አይደለም።"

"ታዲያ እርቁ ወርዷል? አልወረደም። እስኪወርድ ትሸከማለህ፤ ወጉ አይደል?"

ሮሪሳ እንቢ ሊል ነበር። ግን አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ምናልባት ዛሬ ቢያወርድልኝስ? የሰው ልብ እንዲህ ነው፣ ውርደትንም ተስፋ ብሎ ይሸከማል። ድንጋዩን አነሳ። በወይኑ መካከል፣ በደኑ፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በወንዙ ዳር ዞሮ፣ ሠላሳ ሰው አስከትሎ ማማው ሥር ተንበረከከ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ስለሚያቃጥለው የወንድሙን እግር ብቻ ነው ያየው፤ ሲወርድ፣ ሲቀርብ፣ ሲቆም።

ከዚያ የቡልቻ ሁለት እጆች አንገቱ ላይ ተሰሙት። ሻካራ ናቸው፤ ልጅ ሆኖ ወንዝ ሲያሻግሩት የነበሩት እጆች። ድንጋዩ ተነሳ። አንገቱ ቀለለው፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ሮሪሳ የወንድሙን ጉልበት አቅፎ እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ።

ቡልቻ ድንጋዩን ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲመች አድርጎ ከማማው ሥር አስቀመጠው። ጎንበስ ብሎም በዝግታ ተናገረ።

"አታልቅስ። ቀናው አውርድለት ስላለኝ ነው። የሚመጣው እሑድም አወርድልሃለሁ።"